የካቲት 12 እና በመስኮታችን የምንሰቅለው ሰንደቅ ዓላማ

የሰማዕታት ቀን በመጣ ቁጥር በየቤታችን ሰንደቅ ዓላማ እንስቀል የሚለውን ሐሳብ እደግፋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምሰነዝረው ሂስ ሐሳቡን ለማጣጣል የተጻፈ እንዳይመስል ነው። ሂሴ በአሰቃቀላችን ላይ ነው። በለንደን የምንኖር ኢትዮጵያውያን የካቲት 12ን አስበን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን በመስኮታችን ስንዘረጋ፣ በዚያ በኩል የሚያልፈው ወገናችን የመጀመሪያ ጥያቄው «ዛሬ ማንን ነው የምናስበው?» የሚል አይደለም። «ልሙጡ ነው ወይስ ኮከብ ያለበት?» የሚል ነው። መልሱን ካየ በኋላ የቤቱን ባለቤት ፖለቲካ፣ ዘርና ወዳጅ ጠላት በልቡ መዝግቦ ያልፋል። ለሟቾች የተሰቀለው ሰንደቅ የሕያዋን መታወቂያ ወረቀት ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

እስቲ ከቀኑ ከራሱ እንነሳ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ መወለዱን ምክንያት በማድረግ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለትም በዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ፣ ለድሆች ምጽዋት አድላለሁ ብሎ ሕዝብ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት ፋሺስቶቹ በጥይት፣ በጩቤና በዱላ የከተማውን ሕዝብ ፈጁ፤ ቤቶችን ከነሰዉ አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ይላል። ኢየን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ 19,000 ይገምታል። ሦስት ወር ቆይቶ፣ በግንቦት፣ ተራው የደብረ ሊባኖስ ሆነ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም ያመነው ብቻ 297 መነኮሳት ነበሩ፤ የካምቤል ጥናት ግን ቁጥሩን ከዚያ ብዙ እጥፍ ያደርሰዋል።

የዚህን ቀን ታሪክ ከጻፉት የምናገኘው አንድ ነገር በተለይ እኛን ይመለከተናል። አብርሃ ደቦጭ ወደ ቤተ መንግሥቱ ከመሄዱ በፊት በቤቱ ወለል ላይ የኢጣልያን ባንዲራ ዘርግቶ በሳንጃ ቸነከረው፤ በሳንጃውም ላይ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ አሰረበት። እንግዲህ በየካቲት 12 በቤት ውስጥ ሰንደቅ የመስቀል ልማድ መጀመሪያ ካለው መጀመሪያው ይህ ነው። የተሰቀለው ለጎረቤት እንዲታይ አልነበረም። በመንገድ የሚያልፍ ማንም አላየውም። የሰቀለው ሰው ያንን ቤት ተመልሶ እንደማያየው ያውቅ ነበር። አብርሃም ሆነ ሞገስ ደግሞ የኤርትራ ልጆች ነበሩ። ዛሬ ሰንደቁን ይዘን «አንተ የእኛ አይደለህም» ለመባባል ስንጠቀምበት፣ በዛሬው አቆጣጠራችን የውጭ አገር ሰው የምንለው ያንን ሰው መሆኑን ማስታወስ ይጠቅመናል።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። የልሙጡ ወገን የሚለውን እናውቃለን። ዓርማ ከመንግሥት ጋር ይመጣል፣ ከመንግሥት ጋር ይሄዳል። ዘውድ የጫነ አንበሳ ነበር፤ ደርግ ዘውዱን አወለቀው፤ ኢሕዲሪ የራሱን ዓርማ ሳለበት፤ ኢሕአዴግ በሰማያዊ ክብ ውስጥ ኮከብ አደረገበት። ሳይለወጡ የኖሩት ሦስቱ ቀለማት ናቸው፤ ስለዚህ የሁላችን የሆነው እነሱ ብቻ ናቸው ይላል። የሌላው ወገን ክርክርም ንቀት የሚገባው አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 3 ዓርማው የብሔር ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት የመኖር ተስፋ መግለጫ ነው ይላል። ልሙጡ ሲውለበለብ እኩልነት ያልነበረበት ዘመን ትዝ የሚለው ወገን አለ። በእኔ እምነት ለየካቲት 12 የሚስማማው ልሙጡ ነው፤ የሞቱት ሰዎች ከነሱ በኋላ የመጣውን ዓርማ ሁሉ አያውቁትምና። ነገር ግን በዚህ ቀን ኮከብ ያለበትን የሰቀለ ወገኔን በለቅሶ ቤት በር ላይ አስቁሜ የምጠይቅበት ሥልጣን የለኝም።

አገር ቤት ሕጉ ምን እንደሚል የታወቀ ነው። የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ያለ ዓርማ መጠቀምን ይከለክላል፤ ቅጣትም ይደነግጋል። የእንግሊዝ ደንብ ደግሞ ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የማስታወቂያዎች ቁጥጥር ደንብ የማንኛውም አገር ብሔራዊ ሰንደቅ ያለ ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ እንዲሰቀል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በሰንደቁ ንድፍ ላይ ምንም ተጨማሪ ነገር እንዳይኖር ያዛል። በ2012 ሲሻሻል ግን አንድ ተጨማሪ ነገር በግልጽ ፈቀደ። ሰንደቁን ዝቅ አድርጎ ማውለብለብ በማይቻልበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከቤት ግድግዳ አጋድሎ በወጣ ዘንግ ላይ፣ ጥቁር የሐዘን ጥብጣብ ማሰር ይቻላል ይላል። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝና ደንብ ማንበብ ልማዴ ነው። በዚህኛው ግን ገረመኝ። አንዱ ሕግ እንዳትቀንስ ይላል፤ ሌላው እንዳትጨምር ይላል፤ ሁለተኛው ለሐዘን ብቻ በር ከፈተ። እኛ ስለ መጨመርና ስለ መቀነስ ስንጣላ ሐዘኑን የት እንዳደረግነው እንጃ።

በለንደን ይህ ጠብ እስከምን እንደሚደርስ አይተናል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በተሰማ ማግስት፣ በዊምብልደን ካኒዛሮ ፓርክ ቆሞ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ተሰባበረ። ምስሉን የሠራችው ሂልዳ ሴሊግማን የምትባል እንግሊዛዊት ስትሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከፋሺስት ወረራ ሸሽተው ወደዚህ አገር በመጡበት ዘመን ነው። ለአንዱ ወገን ያ ድንጋይ የወረራ ተቃውሞ መታሰቢያ ነበር፤ ለሌላው የግፍ ሥርዓት ምልክት። ሁለቱም ያዘነ ሰው ነበር። ሁለቱ ለቅሶዎች ግን በአንድ ግቢ ውስጥ መገናኘት አልቻሉም።

ባለፈው ጊዜ ደግሞ ሌላ ትምህርት አገኘን። እ.ኤ.አ. በ2025 ሐምሌና ነሐሴ በእንግሊዝ ከተሞች በየመብራት ምሰሶው የቅዱስ ጊዮርጊስ መስቀልና የብሪታንያ ባንዲራ ተሰቀለ። ከዚህ ቀደም ብሎ በኤፒንግ አንድ ኢትዮጵያዊ ጥገኝነት ጠያቂ በወሲብ ጥቃት ወንጀል ተከሶ፣ በኋላም ተፈርዶበት፣ ባረፈበት ሆቴል ደጅ ብዙ ሰልፍ ተደርጎ ነበር። ወንጀሉ ወንጀል ነው፤ የሚስተባበል ነገር የለውም። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ብዙዎቻችን በምሰሶው ላይ ያለውን ባንዲራ ቀና ብለን ስናይ፣ ባንዲራው ስለ አንድ ወንጀለኛ ሳይሆን ስለ እኛ ስለ ሁላችን የሚናገር መስሎ ተሰማን። ከሰቃዮቹ መካከል አገሩን ከመውደድ በቀር ሌላ ሐሳብ ያልነበረው እንዳለ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ከታች የሚያልፈው ሰው የሚያነበው ሌላ ነበር። ይህ ቤት የማን ነው፣ ማንስ ይውጣ የሚል። ያ ስሜት ለእኛ ትምህርት ይሁነን። ልሙጥ ወይም ባለ ኮከብ ሰንደቃችን ስር የሚያልፈው ወገናችን ያንኑ ስሜት ተሰምቶት ከሆነ፣ ሰንደቃችን የመብራት ምሰሶ ባንዲራ ሆኗል።

ከኤፒንግ በዚያው በሴንትራል የባቡር መስመር ወደ ለንደን ሲመለሱ ውድፎርድ ይገኛል። በዚያ ሲልቪያ ፓንክረስት ትኖር ነበር። «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣዋን እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1936 ጀምሮ እያሳተመች የፋሺስቶችን ግፍ ለዓለም ታሰማ ነበር። በውድፎርድ ግሪን ያቆመችው የአየር ቦምብ ቅርጽ ያለው የድንጋይ ሐውልት ዛሬም በመንገዱ ዳር አለ። እሷም በመጨረሻ አዲስ አበባ ሞታ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች። ኢትዮጵያዊ ሳትሆን የኢትዮጵያን ሙታን በስማቸውና በቁጥራቸው የመዘገበች ሴት ናት። የእኛ ልጆች በዚያው መስመር በየቀኑ ይመላለሳሉ፤ ስንቶቹ ያውቋታል?

የሂሴ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ሰንደቁን እንሰቅላለን፣ ሙታኑን ግን አንጠራም። በባህላችን ለቅሶ ያለ ስም አይለቀስም። አልቃሽ የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ አገሩንና ሥራውን ትጠራለች። በሙት ዓመት ላይ የመጣውን እንግዳ «የማን ፓርቲ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ ነው። እንግሊዞችም በኅዳር ወር የሰማዕቶቻቸውን እሑድ ሲያከብሩ በየመንደሩ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ስም አላቸው፤ ባንዲራው ያንን ስም ተከትሎ ይመጣል። እኛ ጋር ባንዲራው ብቻውን ቀረ።

«ይህ ፖለቲካውን ማምለጫ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በተቃራኒው ነው። የሙታኑን ስም ያወቀ ሰው ፍትሕም ይጠይቃል። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን መቀመጫው እዚሁ ለንደን ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1948 ግራዚያኒንና ባዶሊዮን ጨምሮ የአሥር ተከሳሾችን ስም አቀረበች፤ ሆኖም አንዳቸውም በኢትዮጵያ ስለፈጸሙት ወንጀል ችሎት ፊት አልቆሙም። ግራዚያኒ በ1950 በአገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ተፈታ። በ2012 አፊሌ የምትባል የኢጣልያ ከተማ መታሰቢያ አሠራችለት። ይህን ለመቃወም በመጋቢት 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡ ወገኖቻችን ደግሞ በገዛ አገራቸው ፖሊስ ታሰሩ። ስለ ዓርማ ስንከራከር የምናጠፋው ጉልበት ሩቡ በዚህ ላይ ቢውል ምን ያህል በሠራን ነበር!

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየካቲት 12 ሰንደቁን እንስቀል፤ ጥቁር ጥብጣብ እንሰርበት። ከሥሩ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አንዲት ወረቀት እንለጥፍ፤ የአንድ ሟች ስም፣ ወይም የአንድ ቦታ ስም፣ ወይም ቁጥሩ ይጻፍባት። አብርሃንና ሞገስን በመኪናው ያደረሰው፣ በኋላም በፋሺስቶች እጅ ተሠቃይቶ የሞተው ስምዖን አደፍርስ ይጻፍ። ደብረ ሊባኖስ ይጻፍ። ቤተሰቡ ውስጥ የሞተበት የአያቱን ስም ይጻፍ። እንግሊዛዊው ጎረቤት ሦስቱን ቀለማት አይቶ ስለ ቦብ ማርሌይ ቢጠይቀን፣ ወረቀቷን እናሳየው። ወገናችን ዓርማውን ፈልጎ ቀና ቢል፣ መጀመሪያ ስሙን ያንብብ። ልጆቻችን ደግሞ ወረቀቷን ራሳቸው ይጻፏት፤ የጻፉትን ስም አይረሱትምና።

ቸር ይግጠመን።

ከለንደን