«መይዳን»፣ «ሳሓ» እና «አደባባይ»፦ በካርቱም ዐረብኛ አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሒስ

የካርቱምን ዐረብኛ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ጸሐፍት «መይዳን»ን ያለ ማመንታት «አደባባይ» ይሉታል። ልማዱ የጸናው የካይሮው መይዳን አት-ተሕሪር «ታሕሪር አደባባይ» ተብሎ ከተለመደ ወዲህ ይመስለኛል። ያ ስፍራ መኪና የሚዞርበትም ሕዝብ የሚሰበሰብበትም በመሆኑ ትርጉሙ አላስቸገረም፤ በካርቱም ግን ያሳስታል።

መይዳን በሱዳን ከሁሉ አስቀድሞ ቤት ያልተሠራበት ገላጣ መሬት ነው። የሰፈር ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት መይዳን ነው፤ በኦምዱርማን ከመህዲ መቃብር አጠገብ ያለው፣ መውሊድ የሚከበርበት ሰፊ ስፍራም መይዳን አል-ኸሊፋ ይባላል። ቃሉ በጥንቱ ዐረብኛ የፈረስ መጋለቢያን ያመለክታል። የአማርኛው አቻ እንግዲህ «ሜዳ» ነው፤ ጃን ሜዳ ፈረስ ይጋለብበታል፣ ጥምቀትም ይከበርበታል። «ጦር ሜዳ»ም በዐረብኛ መይዳን አል-ቂታል ነው። ቅጽሉ «መይዳኒ» ወደ «መስክ» ያዘነብላል፤ ዲራሳ መይዳኒያ የመስክ ጥናት ነው። በአንጻሩ «በአደባባይ ተናገረ» ስንል ዐረብኛው «ዐለነን» ይላል እንጂ መይዳንን አይጠራም።

ዛሬ በአዲስ አበባ «አደባባይ» የመኪና መዞሪያም ስም ሆኗል። ሱዳኖች ለዚያ «ሲኒያ» የሚል የተለየ ቃል አላቸው፤ ትርጉሙ ትሪ ነው። (የቡናችን «ሲኒ» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው።)

ዋናው ጉዳይ የ2019 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከሚያዝያ 6 እስከ ሰኔ 3 ቀን በፈረንጆች አቈጣጠር፣ ሕዝቡ በሠራዊቱ ጠቅላይ ማዘዣ ፊት ተቀምጦ ሰነበተ። ስፍራው መንገድ እንጂ ሜዳ አልነበረም። «መይዳን» ያለው ባይጠፋም፣ ስሙ «ሳሓት አል-ኢዕቲሳም» ወይም ባጭሩ «አል-ቂያዳ»፣ ማለትም «ማዘዣው» ነበር፤ በሩ የተጋፈጠው ሥልጣን ለስፍራው ስም ሆነ። እዚህ ላይ «አደባባይ» ከሁሉ የተሻለ ቃል ነው፤ ይኸውም በጥንቱ ፍቺው። አደባባይ የቤተ መንግሥት ደጅ ፊት፣ ዐዋጅ የሚነገርበት፣ ሙግት የሚሰማበት፣ አቤት ባይ የሚቆምበት ስፍራ ነበር። በጎንደር ከፋሲል ግቢ አጠገብ ያሉት አደባባይ ኢየሱስና አደባባይ ተክለ ሃይማኖት ይህንኑ ፍቺ በስማቸው ይዘው ቀርተዋል። በካርቱም አቤት የተባለበት ደጅ የሰጠው መልስ ጥይት ሆነ፤ የሱዳን ሐኪሞች ኮሚቴ ከመቶ በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ።

«ሳሓ» የተቃዋሚ ብቻ ቃል አይደለም። አል-በሺር በዚያው ዓመት ጥር ወር ደጋፊዎቻቸውን የሰበሰቡት በአስ-ሳሓ አል-ኸድራ፣ በአረንጓዴው ሳሓ ነበር፤ እርሳቸው ከወረዱ በኋላ ስፍራው ሳሓት አል-ሑሪያ፣ የነጻነት ሳሓ ተባለ። መስቀል አደባባይም በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ሆኖ ተመልሷል። መንግሥት ሲለወጥ ስሙ የሚለወጠው ይህን መሰሉ ስፍራ ነው፤ መይዳን አል-ኸሊፋ ግን የኸሊፋው መንግሥት በ1898 ከወደቀ በኋላም ስሙን እንደያዘ ነው።

ስለዚህ የዐረብኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው «መይዳን» ሥር አስቀድሞ «ሜዳ»ን፣ ቀጥሎ «መስክ»ን ቢያሰፍር፣ «አደባባይ»ን ግን ለ«ሳሓ» ቢያቆየው፣ እንደ ታሕሪር የጸኑትን የቦታ ስሞች ብቻ ሳይነካ ቢተው ይበጃል።