ሰው በባዕድ ከተማ እንዴት ይኖራል? ስለ «አዲስ ዓለም» የተሰጠ ሐሳብ

ባለፈው ዓመት ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ወደ ጆሃንስበርግ ለመሄድ ተነሥቶ ሊሰናበተኝ ወደ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፥ በሰው አገር ከተማ እንዴት እንደሚኖር የሚያስተምር መጽሐፍ ይስጡኝ» አለኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «አዲስ ዓለም» አውጥቼ ሰጠሁት። ከአራት ቀን በኋላ መጽሐፉን መልሶ አመጣና፥ «ጋሼ፥ ይህ መጽሐፍ መመለስን አስተማረኝ፤ መድረስን ግን አላስተማረኝም» አለኝ። ነቀፌታው ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር መጽሐፉን እንደ ገና አነበብሁት።

«አዲስ ዓለም» በ1925 ዓ.ም. የታተመ ነው። አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ትምህርት ሽቶ ወደ ፓሪስ ይሄዳል፤ ስምንት ዓመት ኖሮም ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ከዚያም ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግ ድግስ ከዘመዶቹ ጋር ይከራከራል። የመጽሐፉ ክብደት ያለው በዚህ በኋለኛው ነገር ላይ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ደራሲው የፈለጉት የአገራቸውን ልማድ ለማረም ስለ ሆነ፥ ፓሪስ ለእርሳቸው መንገድ እንጂ መድረሻ አልነበረችም። መጽሐፍን ባልተጻፈበት ዓላማ መውቀስ ደግሞ ግፍ ነው።

ነገር ግን የተማሪዬ ቃል ከልቤ አልወጣም። አወቀ ፓሪስ በደረሰ ጊዜ ሰላምታ ማን አስተማረው? ቃል ሲሳሳት ማን ሳቀበት፥ ማንስ ታገሠው? ይህ ተራ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ስምንት ዓመት በውጭ የኖረ ሰው ሲመለስ በገዛ አገሩም እንግዳ ነው። ባዕዳን እንዴት እንደ ታገሡት በሰፊው ተጽፎልን ቢሆን ኖሮ፥ እርሱም በተራው ዘመዶቹን ለመታገሥ ከዚያ ትምህርት ምን ያህል እንደ ያዘ መመዘን በቻልን ነበር። አሁን ግን ዕውቀቱን እናያለን እንጂ ዕውቀቱ ያስከፈለውን ትሕትና እምብዛም አናይም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ የውጭውን ዓለም ያላዩ ሰው አልነበሩም። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር አውሮፓን ዞረዋል፤ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ጃፓን ሄደዋል። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ የመንግሥት መልእክተኛ ነበሩ፤ በክብር የሚቀበሉት እንግዳ ደግሞ ገበያ ወርዶ የእንቁላል ዋጋ አይጠይቅም። በሰው አገር በስደት መኖርን የቀመሱት መጽሐፉ ከታተመ በኋላ፥ በጠላት ወረራ ምክንያት ነው፤ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ሳሉም በመስከረም ወር 1931 ዓ.ም. ዐረፉ።

አባቶቻችንም ከአገሩ የወጣ ሰው እስኪመለስ ድረስ እንደ አህያ ይጫናል፥ እንደ ፈረስ ይለጎማል ይላሉ። ይህ ትዕግሥትን ያስተምራል። ነገር ግን አባባሉ ባዕድ ከተማን የመከራ ማሳለፊያ ያደርገዋል፤ «አዲስ ዓለም»ም የትምህርት ማግኛ ያደርገዋል። በሁለቱም ዘንድ ጎረቤት የሚባለው ሰው ተረስቷል።

ይህን የምጽፈው ራሴን ከነቀፌታ አውጥቼ አይደለም። ወደ ሐዋሳ የመጣሁት በ1976 ዓ.ም. በመምህርነት ተመድቤ ነው። ከተማዪቱ በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረች ስለ ሆነች፥ ከየስፍራው የመጣው ሕዝብ ብዙ ነው፤ እኔም አማርኛ ይበቃኛል ብዬ የሲዳማን ቋንቋ ሳልማር ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖርሁ። ቤት በተከራየሁበት ዕለት ጎረቤቴ የነበሩት የሲዳማ ሽማግሌ በአጥሩ በኩል «ዳኤ ቡሹ» ብለውኝ ነበር። ምን ማለት እንደ ሆነ ሳልጠይቅ ራሴን ነቅንቄ አለፍሁ። ከዚያ ወዲያ እርሳቸው በእኔ ቋንቋ ሰላም ይሉኝ ጀመር። ሽማግሌው በሞቱ ጊዜ ለቅሶ ተቀመጥሁ፤ አማርኛ የማይሰሙትን ባለቤታቸውን የማጽናናበት አንድ ቃል እንኳ አጣሁ። ዐፍሬም ልጃቸውን ስለዚያ ስለ ድሮው ቃል ጠየቅሁት። «እንኳን ደህና መጣህ ማለት ነው» አለኝ። መልስ ልሰጣቸው አልቻልሁም፤ ጊዜው አልፎ ነበር።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩን የውጭ አገር ሰዎች ከመጡበት ሳምንት ጀምሮ ዘበኛውን «ይህ ምን ይባላል?» እያሉ ይጠይቁት ነበር። እኛም በአነጋገራቸው እንስቅ ነበር። ከእነርሱ ብዙ ትምህርት ቀስሜያለሁ፤ ዘበኛን መጠየቅን ግን ሳልማር ቀረሁ።

ስለዚህ ለተማሪዬ መጽሐፉን ለዘወትር ሰጠሁት፤ ይህንም ታሪክ ነግሬ፥ «በደረስህበት ቀን በሩን የሚከፍትልህን ሰው ሰላምታውን እንዲያስተምርህ ለምነው» አልሁት። ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ደውሎ፥ «ሳውቦና፥ ጋሼ!» አለኝ። በዚህ ጊዜ ግን ዝም ብዬ አላለፍሁም፤ «ምን ማለት ነው፥ ልጄ?» ብዬ ጠየቅሁት። የዙሉ ሰላምታ መሆኑን፥ ያስተማሩትም በቤቱ ደጃፍ ቲማቲም የሚሸጡ እናት መሆናቸውን ነገረኝ።

ወጣቶች ሆይ፥ «አዲስ ዓለም»ን አንብቡ፤ ተምሮ የተመለሰ ሰው ለወገኑ ዕዳ እንዳለበት የሚያሳይ መጽሐፍ ነውና። ስለ መድረስ የጎደለውን ግን ከደጃፋችሁ ሰው ጠይቃችሁ ሙሉት።