ማሽኑ የሚያውቀው ቲዩቡን ብቻ ነው

ላብራቶሪ ተሳሳተ ሲባል ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ማሽኑን ነው። ፕሌባኒና ካራሮ የተባሉ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ግን፣ ከመዘገቧቸው ስህተቶች 68 በመቶ ያህሉ የተፈጠሩት ናሙናው ከመመርመሩ በፊት ነበር።

አንድ ቀን ከተኝቶ ሕክምና ክፍል ወደ ላብራቶሪያችን የመጣ ናሙና ፖታሲየሙ 8.4 ሆነ። ልብ የሚያቆም ቁጥር ነው። ካልሲየሙ ደግሞ እጅግ ወርዷል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ባለ ሐምራዊ ክዳኑ ቲዩብ ነው፤ ውስጡ ያለው ኢዲቲኤ የፖታሲየም ጨው ሲሆን ካልሲየምን ይዞ ያስቀራል። ደሙን ወደ ቀዳችው ነርስ ደወልኩ።

«እህቴ፣ ቀዩን ቲዩብ እንዴት ሞላሽው?»

«ደሙ አንሶኝ ከሐምራዊው ገለበጥኩበት።»

እንደገና ተቀድቶ ሲመጣ ፖታሲየሙ 4.2 ሆነ። ማሽኑ በሁለቱም ጊዜ የተሰጠውን በትክክል ለክቷል።

አንዳንዱ ስህተት በዓይን ይታያል። ደሙ ከሲሪንጅ በኃይል ከተገፋ ቀይ ሕዋሳት ይፈነዳሉ፤ ከሴንትሪፊውጅ ሲወጣ ቢጫ መሆን የነበረበት ሴረም ይቀላል። የስኳር ናሙና ግን ጥርት ብሎ እየታየ ያታልላል፤ ሴረሙ ሳይለይ ከቆየ ሕዋሳቱ ስኳሩን መብላታቸውን አያቆሙም፤ በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ በሌላ ሰው ስም የመጣ ንጹሕ ደም ነው። «አቶ እገሌ ነዎት?» ተብሎ የተጠየቀ የደከመ በሽተኛ፣ ባይሆንም «አዎ ልጄ» ይላል። ስለዚህ ስሙን እስከ አያት ራሱ ይናገር፤ ከካርድ ቁጥሩ ጋር ይመሳከር፤ ቲዩቡም እዚያው አልጋው አጠገብ ይጻፍበት።

ናሙና መመለስ የሙያችን ከባዱ ክፍል ነው። የሕፃን ደም ሥር ስንት ተፈልጎ ነው የሚገኘው፤ ከገጠር የመጣ ታካሚም ነገ ላይመለስ ይችላል። ከጀርባ የተቀዳን ፈሳሽ የመሰለ በቀላሉ የማይደገም ናሙና ሲሆን ከመጣል ይልቅ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይሻላል። የሚመለሰውን ግን «ተበላሽቷል» ብቻ ብሎ መመለስ ያንኑ ስህተት ደግሞ ያመጣል። ምክንያቱን ደውሎ ማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቀጣዩን በሽተኛ ያለጥፋቱ በድጋሚ ከመወጋት ያድነዋል።