የንብ ሽታ ማወቂያና የቀለሙ ካርታ

ንብ አበባን በሽታው ለይታ እንደምታስታውስ ካርል ፎን ፍሪሽ ከመቶ ዓመት በፊት በሙከራ አረጋግጠው ነበር። ሽታው በአንጎሏ ውስጥ የሚይዘውን መልክ በዓይን ለማየት ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ዮርገስ፣ ኪትነር፣ ጋሊዚያና ሜንሰል ያሳተሙትን ጥናት መጠበቅ ግድ ሆነ።

ከአንቴናው የሚመጡት ነርቮች የሚያርፉት ግሎሜሩሊ በሚባሉ 160 ያህል ጥቃቅን ድቡልቡል ክፍሎች ላይ ነው። በሴሉ ውስጥ ካልስየም ሲጨምር ብርሃኑ የሚደምቅ ቀለም በአንጎሉ ላይ ይደረግና ሽታ ሲነፍስ የትኞቹ ክፍሎች እንደ ደመቁ በካሜራ ይቀረጻል። እያንዳንዱ ሽታ የራሱን ንድፍ ያወጣል።

ጥናቱ ምስጋና ይገባዋል፤ ሆኖም ቀለሙ ለሴሉ ሁሉ ስለ ደረሰ የታየው የልዩ ልዩ ሴሎች ድምር ነበር። ብዙ ሽታ ሲቀላቀል ምላሹ ከተጠበቀው ማነሱ መገታት መኖሩን ቢጠቁምም፣ የትኛው ሴል እንደ ተገታ መለየት አልተቻለም።

ይህን ጉድለት ዛክሰና ጋሊዚያ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ሥራ አቃለሉት። ቀለሙን ያስገቡት መልእክቱን ከግሎሜሩሊ ተቀብለው ወደ ሌላው የአንጎል ክፍል በሚያደርሱት ሴሎች ብቻ ነበር። በዚህም አንዱ ግሎሜሩለስ ሲደምቅ ሌላው ከዕረፍት መጠኑ በታች ሲደበዝዝ ታየ። ጋባ የተባለውን ገቺ ኬሚካል ሥራ የሚያግደውን ፒክሮቶክሲንን በጨመሩ ጊዜም መገታቱ በሙሉ አልጠፋም፤ ስለዚህ ገቺው መረብ ከአንድ በላይ መሆኑን ደመደሙ። የሥራው ክብደት እዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ዘዴው ለማነቃቃት ያደላል። መደብዘዝ የሚታየው ሴሉ አስቀድሞ በመጠኑ ሲሠራ ከቆየ ነው፤ ዝም ያለ ሴል ቢገታ ካሜራው ምንም አያይም። የካልስየም ለውጥም ከነርቩ ፈጣን ምት ኋላ ይቀራል፤ በጥልቀት ያሉት ግሎሜሩሊም ከካሜራው ዕይታ ውጭ ናቸው። ስለሆነም በካርታው ላይ ባዶ የቀረ ስፍራ ሥራ ፈት ነው ማለት አይቻልም። (ቀዩና ሰማያዊው በኮምፒዩተር የተቀባ እንጂ ከንቧ የወጣ አይደለም፤ ይህ ያልተነገረው ተማሪ የንብ አንጎል ባለ ብዙ ቀለም ነው ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም።)

ነርቭ መልእክት አስተላላፊ ሽቦ ብቻ ነው ተብሎ የተማረ ልጅ መገታትን እንደ ብልሽት ይቈጥራል። የ1997ቱ ሥዕል ብቻውን በሰሌዳ ላይ ቢሰቀል ይህንኑ ስሕተት ያጸናል። ኮምፒዩተር በሌለበት ክፍል መምህሩ አሥር ክበቦች ስሎ ሦስቱን በቀይ፣ ሁለቱን በሰማያዊ ጠመኔ ቀብቶ፣ ስለ ቀሩት አምስት ባዶ ክበቦች ተማሪዎቹን ቢያከራክር ይበቃዋል።