ጨዋታው ምን ይሸልማል?

«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መጫወት ለአማኝ ይፈቀዳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በኅብረታችሁ ውስጥ ዛሬ ባይነሣ ነገ መነሣቱ አይቀርም። ብዙዎቻችሁ ጨዋታውን ያወቃችሁት በ2016 መታየት በጀመረው «ስትሬንጀር ቲንግስ» በተባለው ተከታታይ ፊልም ይሆናል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፊልሙ ገና ሲጀምር አራት ልጆች ምድር ቤት ቁጭ ብለው ሲጫወቱት ይታያል። ጥያቄው በተነሣ ቁጥር ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንዱ «የሰይጣን ነው፣ አትንኩት» ይላል። ሌላው «ጨዋታ ብቻ ነው፣ ምን አለበት?» ይላል። እኔ እነዚህን ጨዋታዎችና የወለዷቸውን ልብ ወለዶች ከሃያ ዓመት በላይ ስወዳቸው ኖሬአለሁ። ሁለቱም መልሶች መጽሐፉን ሳይገልጡ የተሰጡ ይመስሉኛል።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ላስረዳ። አራት ወይም አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ተዋጊ፣ ሌባ፣ ካህን፣ አስማተኛ። ተራኪው «በሩ ተዘግቷል፣ ከውስጥ የልቅሶ ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ተጫዋቾቹ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ይወስናል። ወረቀት፣ እርሳስና ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ካለ ይበቃል፤ ስክሪን አያስፈልግም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱት ይህ ጨዋታ በ1974 አሜሪካ ውስጥ ሲታተም በአንድ ካርቶን የታሸጉ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ነበር። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡት የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ሁሉ ወይ ልጆቹ ናቸው ወይ የልጅ ልጆቹ።

በ1980ዎቹ በአሜሪካ ብዙ ክርስቲያኖች ጨዋታውን አጥብቀው ተቃወሙት። ከሁሉ የታወቀው ተቃውሞ ጃክ ቺክ በ1984 ያሳተመው «ዳርክ ደንጀንስ» የተባለ ባለ ሥዕል ትራክት ነው። በትራክቱ ውስጥ አንዲት ልጅ በጨዋታው በኩል ወደ እውነተኛ የጠንቋዮች ማኅበር ትገባለች፤ ጓደኛዋ ደግሞ ገጸ ባሕርይዋ ስለሞተባት ራሷን ታጠፋለች። ትራክቱ ለነፍሳት የነበረውን ጭንቀት አልንቅም። እንደ ሒስ ግን ደካማ ነው፤ የተመለከተው ሥዕሉንና ስሙን ነውና። አሳታሚው ድርጅትም የመለሰው በዚያው ልክ ነበር። በ1989 ሁለተኛው ዋና እትም ሲወጣ «ጋኔን» እና «ዲያብሎስ» የሚሉት ስሞች እንዲወጡ ተደረገ፤ ብዙም ሳይቆይ እነዚያው ፍጥረታት በፈጠራ ስም ተመልሰው ገቡ። ስሙ ተፋቀ፣ የነበረው ነበረ። በስም ላይ የተመሠረተ ተቃውሞ ስም በመለወጥ ይመለሳል።

ስለ አስማቱም እውነቱን እንናገር። በቀድሞው ጨዋታ ውስጥ አስማተኛው ድግምቱን ጠዋት በቃሉ ያጠና ነበር፤ አንዴ ከተጠቀመበት በኋላ ከአእምሮው ይጠፋ ነበር። ይህ አሠራር ከጠንቋይ ቤት የመጣ አይደለም። ጃክ ቫንስ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ በ1950 ባሳተመው «ዘ ዳይንግ ኧርዝ» በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ ያለ ነው። ጋይጋክስ ወደ ጨዋታው ያመጣው ለሚዛን ስለተመቸው ነው፤ ድግምቱ ባይጠፋ ኖሮ አስማተኛው ሌሎቹን ተጫዋቾች ሥራ ፈት ያደርጋቸው ነበር።

ይህን ካልኩ በኋላ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ ነገር ማከል አለብኝ። በዊስኮንሲን ለሚኖር ልጅ አስማተኛ የተረት መጽሐፍ ሰው ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ግን ጠንቋይ ቤቱ የሚታወቅ፣ ደጁ የሚጠና፣ የሚፈራ ሰው ነው። በኅብረታችሁ ውስጥ አጠገባችሁ ቁጭ ብላ የምትዘምረው እኅት ክታቧን በጥሳ ወደ ጌታ የመጣች ልትሆን ትችላለች። እናቷ ዛሬም ቃልቻ ቤት የምትመላለስ ልትሆን ትችላለች። ለእርሷ «አስማተኛ እሆናለሁ» የሚለው ቃል ጨዋታ አይደለም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ጣዖት ሥጋ ሲጽፍ (1ኛ ቆሮንቶስ 8) የሥጋውን ኬሚስትሪ አልመረመረም፤ የወንድምን ሕሊና ተመለከተ። ስለዚህ የእኔ መብት የእርሷን ቁስል የሚነካ ከሆነ ዳይሱ ኪሴ ውስጥ ይቆያል። ይህ ሕግ አይደለም፤ ፍቅር ነው።

አሁን ዋና ወደምለው ልምጣ። ጨዋታን እንደ ጨዋታ መመርመር ከፈለጋችሁ ሽፋኑን ትታችሁ ደንቡን አንብቡ፤ ከደንቡም ውስጥ ሽልማቱን ፈልጉ። ገጸ ባሕርዩ ምን ሲያደርግ ያድጋል? ልብ ወለድ አንባቢውን የሚያስተምረው በታሪኩ ፍጻሜ ከሆነ፣ ጨዋታ ተጫዋቹን የሚያስተምረው በነጥቡ ነው።

በቀድሞው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መልሱ ግልጽ ነው። ከጉድጓዱ ይዛችሁ የወጣችሁት አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ የልምድ ነጥብ ነው። ጭራቅ መግደልም ነጥብ አለው፤ ብዙው ነጥብ የሚገኘው ግን ከሀብቱ ነበር። በወረቀታችሁ ላይ ገጸ ባሕርያችሁ «መልካም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ለድኻ አዘነም አላዘነም፣ የተሸነፈ ጠላቱን ማረም አልማረም፣ የሚያሳድገው ቦርሳው ነው። ጌታችን በተራራው ስብከት (ማቴዎስ 6) ልብ መዝገቡን ተከትሎ እንደሚሄድ አስተምሮናል። ይህ ደንብ ያንኑ ሳያስበው ይመሰክራል፤ ተጫዋቾች አንድ ክፍል በገቡ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሣጥን አለ?» ብለው ነው።

ይህ ከየት መጣ? ጋይጋክስ በ1979 ባሳተመው የተራኪው መመሪያ መጨረሻ ላይ ያነበባቸውን ደራስያን ዘርዝሯል። ቶልኪን በዝርዝሩ ውስጥ አለ። በቀጥታ የቀረጹኝ ብሎ ለይቶ ከጠቀሳቸው መካከል ግን የለም፤ እዚያ ያሉት እንደ ኮናን ደራሲ እንደ ሮበርት ሃዋርድ፣ እንደ ፍሪትዝ ላይበርና እንደ ቫንስ ያሉ ናቸው። የእነዚህ ደራስያን ጀግኖች በአብዛኛው ዕድላቸውን በሰይፍና በብልሃት የሚፈልጉ ብቸኞች፣ አንዳንዶቹም የለየላቸው ሌቦች ናቸው። ሰዎች ጨዋታውን «የቶልኪን ጨዋታ» ሲሉት ልብሱን አይተው ነው። ልቡ የኮናን ነው።

ልዩነቱን በአንድ ትዕይንት ማየት ይቻላል። «ዘ ሆቢት» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ቢልቦ በዋሻ ጨለማ ውስጥ ሰይፍ ይዞ፣ በቀለበቱ ተሰውሮ፣ መውጫውን በዘጋበት በጎለም ፊት ይቆማል። ቢገድለው ማንም አያየውም። ነገር ግን የዚያን ጎስቋላ ፍጡር ብቸኝነት ያስብና ይራራል፤ በላዩ ዘሎ ያልፋል። ከዚያ በ1954 እና 1955 በታተመው «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» መጨረሻ፣ ፍሮዶ በእሳቱ አፋፍ ላይ ቆሞ ቀለበቱን አልጥልም ሲል፣ ሥራው የሚፈጸመው ያ የተማረው ጎለም እዚያ በመገኘቱ ነው። ጀግናው በጉልበቱ አላሸነፈም፤ ከብዙ ዓመት በፊት የተደረገ ምሕረት ደረሰለት። በጋይጋክስ ሒሳብ ግን ጎለምን መግደል ነጥብ አለው፤ መራራት ነጥብ የለውም። ቢልቦ ለሰላም ሲል የከበረውን ድንጋይ አሳልፎ ሲሰጥማ በዚያ ሒሳብ ቂል ነው።

«ታዲያ ሌላ ጨዋታ አለ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ሦስቱን ብቻ ላንሣ።

የመጀመሪያው ሳንዲ ፒተርሰን በ1981 ያወጣው «ኮል ኦቭ ክቱሉ» ነው። የአስፈሪ ልብ ወለድ ጸሐፊ በሆነው በላቭክራፍት ታሪኮች ላይ የተመሠረተ ነው። እዚህ ተጫዋቹ የአእምሮ ጤና ነጥብ አለው፤ የተደበቀውን ባወቀ መጠን ነጥቡ ይቀንሳል። የተከለከሉትን መጻሕፍት ማንበብ እውቀት ይጨምራል፣ ሊኖረው የሚችለውን ጤና ግን ለዘለቄታው ዝቅ ያደርጋል። አሠራሩ ድንቅ ነው፤ ፍርሃቱ ከታሪኩ ብቻ ሳይሆን ከቁጥሩም ይመጣል። ወርቅ ማግበስበስም እዚህ አያድንም። የሚያሳዝነኝ ከኋላው ያለው ሰማይ ነው። ላቭክራፍት እግዚአብሔርን የማያምን ሰው ነበር፤ በእርሱ ዓለም ሰው ወደ ሰማይ ቀና ሲል የሚያየው ለእርሱ ደንታ የሌለውን ባዶ ነው። መዝሙረኛው በመዝሙር 8 ያንኑ ሰማይ አይቶ ስለ ትንሽነቱ ይደነቃል፤ የሚያስታውሰው እንዳለ ግን ያውቃል። ይህን ጨዋታ የምትጫወቱ ከሆነ ሁለቱን ሰማያት አስተያዩ። ክርስቶስ የሌለበት ዓለም ምን ያህል ቀዝቃዛ እንደሆነ ላቭክራፍት ከብዙ ሰባኪ ይልቅ አጥርቶ ያሳያል።

ሁለተኛው በ1984፣ ቺክ ትራክቱን ባሳተመበት በዚያው ዓመት፣ ዲክ ዉልፍ ያወጣው «ድራገንሬይድ» ነው። ይህ ለክርስቲያን ወጣቶች ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ተጫዋቾች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በቃላቸው ያጠናሉ፤ በጨዋታው ውስጥ ጥቅሱን በትክክል ሲሉ ኃይል ያገኛሉ። ቃሉን ማጥናቱ መልካም ነው፣ ዓላማውንም አከብራለሁ። ነገር ግን ደንቡን እንደ ደንብ ስናየው አንድ ነገር ያሳስበኛል፤ የተባለው ቃል በትክክል ሲነገር ኃይሉ የሚወጣ ከሆነ፣ ጥቅሱ የያዘው የድግምቱን ቦታ ነው። የአስቄዋ ልጆችም (ሐዋርያት ሥራ 19) የተናገሩት ስም ትክክለኛ ነበር። የጎደላቸው ስሙ ሳይሆን ባለስሙ ነው። «ክርስቲያናዊ» የሚለው ማኅተም ደንቡን ከመመርመር አያድነንም።

ሦስተኛውና እኔ አብልጬ የምወደው በ1985 የወጣው የግሬግ ስታፎርድ «ፔንድራገን» ነው፤ ስለ ንጉሥ አርተር ፈረሰኞች። እዚህ እያንዳንዱ ፈረሰኛ 13 ጥንድ ጠባያት አሉት፤ መሐሪና ጨካኝ፣ ይቅር ባይና ቂመኛ፣ ትሑትና ትዕቢተኛ፣ ለጋስና ራስ ወዳድ፣ እያለ ይቀጥላል። የእያንዳንዱ ጥንድ ድምር 20 ነው። ምሕረቱ 14 ከሆነ ጭካኔው 6 ነው። ፈተና ሲመጣ ዳይስ ይጣላል፤ አንዳንድ ጊዜ ተጫዋቹ ይቅር ማለት እየፈለገ ፈረሰኛው ይበቀላል። ሮሜ 7ን ያነበበ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የምወደውን ሳይሆን የምጠላውን ማድረግ ምን እንደሆነ። ደግሞም አንዱን ደጋግሞ ያደረገ ፈረሰኛ በዚያው ይጸናል። ዓመታት ያልፋሉ፣ ያገባል፣ ያረጃል፣ ልጁ ጋሻውን ያነሣል። ስታፎርድ ራሱ ክርስቲያን አልነበረም። ሆኖም ጨዋታው ስለ ሰው ልብ የሚናገረው ከብዙ ባለ ማኅተም ሥራ የጠለቀ ነው። እንከን አለው፤ የመጨረሻው ሽልማቱ ዝና ነው፣ ትልቅ ጭካኔም እንደ ትልቅ ምሕረት ሁሉ ዝና ያስገኛል። በሰው ዘንድ ለመታየት የሚደረግ ጽድቅ ዋጋውን እንደተቀበለ እናውቃለን። ቢሆንም እንከኑ ራሱ ለውይይት በር ይከፍታል።

ለደንጀንስ ኤንድ ድራገንስም ፍርድ አላዛባም። በዚያ ጠረጴዛ አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ ተዋጊው ያለ ካህኑ ይሞታል፣ ካህኑም ያለ ሌባው በሩን አይከፍትም። ስለ አካል ብልቶች ስንሰብክ የኖርነውን አምስት ልጆች ስልካቸውን አስቀምጠው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲለማመዱት ማየት ቀላል ነገር አይደለም። በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ደግሞ ተራኪው ከፈለገ የነጥብ ቆጠራውን ትቶ በታሪኩ ምዕራፍ እንዲያሳድጋቸው ይፈቅዳል። ሽልማቱ በጠረጴዛው ላይ ባሉት እጅ ነው ማለት ነው። ተጠያቂነቱም እንዲሁ።

አማርኛችን ለዚህ ሁሉ ጥሩ ቃል አለው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ የፈጠራ ድርሰትን በዚሁ ስም እንጠራለን። ልብ የወለደው። ከልብ ክፉ አሳብ እንደሚወጣ፣ መልካም ሰውም ከልቡ መልካም መዝገብ መልካሙን እንደሚያወጣ ጌታ ተናግሯል። ስለዚህ በሚቀጥለው የኅብረት ፕሮግራማችሁ «ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» ከማለት በፊት ይህን ሞክሩ። አራት አራት ሆናችሁ ተቀመጡና ለራሳችሁ ጨዋታ አንድ ደንብ ብቻ ጻፉ፦ «ገጸ ባሕርዩ የሚያድገው እንዲህ ሲያደርግ ነው።» ከዚያ ወረቀቶቹን አንብቡ። ወርቅ የጻፈ ይኖራል፣ ድል የጻፈ ይኖራል፣ ዝና የጻፈም ይኖራል። ከመካከላችሁ ምሕረት ብሎ የጻፈ ካለ፣ ምሕረቱን በስንት ነጥብ እንደለካው ጠይቁት፤ ምሕረት በነጥብ ሲለካ ምሕረት ሆኖ ይቀር እንደሆነም አብራችሁ ተከራከሩበት።