ያጌጠ ፊደልና የተለወጠ ፎቶግራፍ



በሠርግ መጥሪያ፣ በስግድ በዓል ማስታወቂያና በሙት ዓመት መታሰቢያ ወረቀት ላይ የአማርኛና የዕብራይስጥ ጽሑፍ በወርቅ ቀለም ደምቆ፣ ጥላ ጥሎ፣ እንደ ተቀረጸ ድንጋይ ከወረቀቱ ተነሥቶ ማየት ከለመድን ቆይተናል። ይህ በአብዛኛው የሚሠራው ፎቶሾፕ በተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ ሥዕልና ጽሑፍን በየንብርብሩ ለይቶ ማስቀመጥ የተቻለው በ1994፣ ለፊደል ጥላና የተቀረጸ መልክ በቀላሉ መስጠት የተቻለው ደግሞ በ1998 ነው። ልጆቻችን ይህን ሙያ መያዛቸው ያስደስተናል። ሆኖም ሥራው ሲመሰገን እንጂ ሲመረመር ስላላየን ሁለት ነገር ለማንሣት ወደድን።

የመጀመሪያው የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በትንሽ ምልክት ነው። «ቢ» በቀኝ እግሩ ግርጌ ጭረት አለው፤ «ቤ» በዚያው ቦታ ቀለበት አለው። በፊደሉ ዙሪያ ወፍራም መስመር ሲጨመር የቀለበቱ ቀዳዳ ይደፈናል። ያን ጊዜ «ቤተ እስራኤል» የሚለው ስማችን «ቢተ እስራኤል» መስሎ ይታያል። በአማርኛ ያደገ ሰው ከልማድ አስተካክሎ ያነበዋል፤ እዚህ ተወልዶ ፊደል ገና የሚቆጥር ልጅ ግን እንዳየው ይማረዋል። በዕብራይስጥም እንዲሁ ነው። ሄ ከሔት የሚለየው የግራ እግሩ ከላይኛው መስመር ጋር ባለመገናኘቱ ነው፤ ያች ክፍተት ስትዘጋ ሄው ሔት ይሆናል።

የቀድሞ ጸሐፊዎች ጌጥ የማያውቁ አልነበሩም። በግዕዝ የብራና መጻሕፍት ጥቁሩ ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩ ለምዕራፍ መግቢያና ለተከበሩ ስሞች ነበር። ቀዩ አንባቢውን እየመራ፣ ፊደሉን ግን ሳይነካ ገጹን ያስጌጣል። የዛሬ ሠሪዎችም ከዚህ ቢማሩ መልካም ነው።

ሁለተኛውና የሚከብደው የፎቶግራፍ ጉዳይ ነው። በጎንደር ገጠር የተነሣ የአባት ወይም የእናት ፎቶግራፍ ይወሰድና፣ ከጀርባ ያለው ጎጆ ተቆርጦ የኢየሩሳሌም ምዕራባዊ ግንብ ይገባበታል። የቤተሰቡን ልብ እናውቃለን። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል ለመምጣት ሲሉ በመንገድና በመጠለያ ሰፈር የሞቱት ወገኖቻችን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ሳያዩአት የቀሩትን ኢየሩሳሌም በሥዕል እንኳ እንዲያዩ መመኘት የሚነቀፍ አይደለም።

ነገር ግን ከ50 ዓመት በኋላ ያን ወረቀት የሚያገኝ የልጅ ልጅ ወይም ተመራማሪ፣ ሟቹ እዚህ ደርሰው ነበር ብሎ ይጽፋል። የሞቱበትም መንገድ ከታሪክ ይፋቃል። የተቆረጠው ጎጆ፣ አጥሩና በደጅ የቆመው እንስራ የአኗኗራችን ምስክሮች ነበሩ። ከዚያ አገር አንድ ፎቶግራፍ ብቻ የቀረው ቤተሰብ ብዙ ስለ ሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

በቀለም የተነሣውን ፎቶግራፍ ቡናማ አድርጎ ጠርዙን የተቃጠለ ማስመሰልም ዘመን ያዛባል። በ1984 የተነሣው፣ ዶክተር ፋይትሎቪች መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የሄዱበት የ1904 ይመስላል።

ምክራችን አጭር ነው። ዋናው ፎቶግራፍ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ጌጡ በሌላ ቅጂ ላይ ይሠራ። ከተቀናበረው ሥዕል በታች «የተቀናበረ ነው» ተብሎ፣ ዋናው የተነሣበት ቦታና ዓመት ይጻፍ። ማስታወቂያም ከመታተሙ በፊት ለአንድ ሽማግሌና ለአንድ ልጅ ይነበብላቸው ሳይሆን ራሳቸው እንዲያነቡት ይሰጣቸው፤ ሁለቱ እኩል ካነበቡት ፊደሉ ደኅና ነው።

ወላጆች ሆይ፣ የሚያውቁ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ የሰዎቹን ስምና የመንደሩን ስም ከፎቶግራፉ ጀርባ በእርሳስ ጻፉ። ቸር ይግጠመን።