የበዓሉ ግርማ ልብ ወለዶች በዘመን ሚዛን

አንድ ድርሰት በወጣበት ዘመን የሚያገኘው ፍርድና ዘመኑ ካለፈ በኋላ የሚያገኘው ፍርድ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። በወጣበት ዘመን የደራሲው ወዳጅና ጠላት፥ የወሬው ትኩሳት፥ የመንግሥት ቁጣና ምስጋና በገጾቹ ላይ ጥላቸውን ያጠላሉ። ጥላው ሲገፈፍ ግን መጽሐፉ ብቻውን ይቀራል፤ ያን ጊዜም ሊነበብ የሚገባው መሆን አለመሆኑ ይታወቃል።

ይህ ነገር በፊልም ዓለምም የታወቀ ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ የተባለው እንግሊዛዊ የፊልም አዘጋጅ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1958 «ቨርቲጎ» የተባለውን ልብ አንጠልጣይ ፊልም ባወጣ ጊዜ የሐያስያኑ አቀባበል የተደባለቀ ነበር። በ2012 ግን በእንግሊዝ አገር የሚታተመው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ከብዙ አገር የሐያስያንን ድምፅ በሰበሰበ ጊዜ ያው ፊልም ከፊልሞች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። ታሪኩ ያው፥ ተዋንያኑም እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው።

በአገራችን ሥነ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ዳግመኛ ምርመራ ከሚገባቸው ደራስያን አንዱ በዓሉ ግርማ ነው። በ1932 ዓ.ም. በኢሉባቦር ሱጴ ተወልዶ፥ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ከተማረ በኋላ የ«መነን» መጽሔት፥ የ«አዲስ ዘመን»ና የ«ኢትዮጵያን ሄራልድ» ጋዜጦች አዘጋጅ ሆኖ ሠርቷል፤ በመጨረሻም በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ቋሚ ተጠሪነት ደርሷል። ከ1962 እስከ 1975 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ውስጥ «ከአድማስ ባሻገር»፥ «የኅሊና ደወል»፥ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»፥ «ደራሲው»፥ «ሐዲስ»ና «ኦሮማይ» የተባሉትን ልብ ወለዶች አበርክቷል። አጻጻፉ ፈጣን ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር፥ ንግግሩ ብዙ፥ ትዕይንቱም እንደ ፊልም ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘል ነው። በዚህም ምክንያት አንባቢ ወደደው፤ በዚሁም ምክንያት ጥልቀት የጐደለው፥ በከተማ ድምቀት የተሸለመ ብቻ ነው የሚል ነቀፌታ ተከተለው።

ይህን ነቀፌታ ለመመርመር በእጃችን ያለውን መመዘኛ እናነሣለን። እኛ በጎጃም ደጋ የምንኖር ሰዎች ድርሰትን መመዘን የተማርነው ከቅኔ ቤት ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ሲያቀርብ ጥያቄው ሁለት ነው። ሰሙ ያምራልን? ወርቁስ ከሰሙ ጋር ይስማማልን? ሰሙ አምሮ ወርቁ የቀለለ ቅኔ ጆሮን ደስ ያሰኛል እንጂ ልብን አያበለጽግም። እንግዲህ በዓሉን የሚነቅፉ ሰዎች የሚሉት በአጭሩ «ሰም ብቻ ነው» ማለታቸው ነው። እኛ ደግሞ በዚህ ጽሑፍ የምንለው፥ በዋናው ሥራው ወርቁ ያለው ከዚያው ከተነቀፈው ሰም ውስጥ ነው የሚል ነው።

በቅድሚያ ነቀፌታው ጭራሽ መሠረት የለውም አንልም። በ«ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነው አበራ ወርቁ ከደመወዙና ከወንበሩ ባሻገር ያለውን የጥበብ ሕይወት ይመኛል። ምኞቱ የብዙ የተማረ ወጣት ምኞት ስለ ሆነ ዛሬም ልብ ይነካል፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ደራሲው ከባሕርዩ ምርመራ ይልቅ በአዳራሹና በመጠጡ፥ በሴቶቹም ውበት መግለጫ ላይ ብዙ ይዘገያል። በ«የኅሊና ደወል» ደግሞ ሐዲስ ሳህሌ የተባለ መምህር ወደ ገጠር ወርዶ ትምህርት ቤት ለማሠራት ይደክማል። ደራሲው ይህን ታሪክ በ1966 ዓ.ም. ካሳተመ በኋላ እንደ ገና አንሥቶ አስፋፍቶ በ1975 ዓ.ም. «ሐዲስ» በሚል ስም ማውጣቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። ለጌጥ ብቻ የሚጽፍ ሰው የታተመውን ሥራ መልሶ አፍርሶ አይሠራም።

ወደ «ኦሮማይ» እንምጣ። ይህ መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አማካይነት ወጣ። ታሪኩ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚመለከት ነው። ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የተባለ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ፥ የዘመቻውን የፕሮፓጋንዳ ሥራ ሊመራ አስመራ ይወርዳል፤ እዚያም ፊያሜታ ጊላይ ከምትባል ሴት ጋር በፍቅር ይወድቃል። በዙሪያው ሰላዮች ይሽሎከለካሉ፥ ሴራ ይጠነሰሳል፤ በመጨረሻም ዘመቻው ናቅፋ ላይ ይከሽፋል። የመጽሐፉ ስም ከጣሊያንኛ ወደ ትግርኛ የገባ ቃል ሲሆን፥ «አበቃ፥ ከእንግዲህ ወዲህ የለም» እንደ ማለት ነው።

መጽሐፉ ብዙም ሳይቈይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም፤ እስከ ዛሬም መቃብሩ አልታወቀም።

ከዚህ የተነሣ «ኦሮማይ» በሦስት ዓይነት መንገድ ሲነበብ ኖሯል። በመጀመሪያ እንደ ምስጢር ሰነድ ተነበበ። ይህ ባለ ሥልጣን እገሌ ነው፥ ያኛው እገሌ ነው እያለ አንባቢው ገጸ ባሕርያቱን ከሹማምንቱ ጋር ያዛምድ ነበር። ቀጥሎ እንደ ተከለከለ ነገር ተነበበ፤ የተከለከለ ነገር ደግሞ በተከለከለበት መጠን ይጣፍጣል። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ እንደ ገና ሲታተም፥ በእውነት ምክንያት የጠፋ ሰው ኑዛዜ ሆኖ ተነበበ። ሦስቱም ንባቦች ምክንያት አላቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ንባብ ሹማምንቱ ሲረሱ ይረሳል፤ ሁለተኛውም ክልከላው ሲነሣ ይበርዳል። ሦስተኛው ደግሞ፥ ሐዘኑ የተገባ ቢሆንም፥ ሂስን ዝም ያሰኛል፤ በሞተ ሰው ድርሰት ላይ እንከን ማውጣት ነውር መስሎ ይታያልና። ለደራሲ ግን ትልቁ ክብር በጥንቃቄ መነበብ ነው።

እንግዲህ በጥንቃቄ ስናነብበው የምናገኘው ይህን ነው። ታሪኩን በአብዛኛው የምናየው በጸጋዬ ዓይን ነው። ጸጋዬ ደግሞ ሥራው ነገርን አሳምሮ ማቅረብ ነው፤ ቋንቋው የሰላ፥ እርምጃው የፈጠነ፥ ልቡም በዘመቻው ግለት የተነካ ሰው ነው። የመጽሐፉ ፍጥነት የእርሱ ፍጥነት ነው። እኛም አንባቢዎቹ ከእርሱ ጋር እንሮጣለን፤ ከስብሰባ ወደ ግብዣ፥ ከግብዣ ወደ ፍቅር፥ ከፍቅር ወደ ሴራ ስንጣደፍ ቆም ብለን ለመጠየቅ ፋታ አናገኝም። ከናቅፋ ተራሮች ሥር በደረስን ጊዜ ግን ሩጫው ይቆማል። የወታደሩ ሬሳ በሚቈጠርበት በዚያ ስፍራ ያማረ ቃል ዋጋ የለውም። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ዘወር ብለን ስናይ፥ ያ ሁሉ ድምቀትና ጥድፊያ እውነቱን እንዳናይ ሲጋርደን እንደ ነበር እንረዳለን። በዝግታ የተጻፈ መጽሐፍ ይህን ሊነግረን ይችል ነበር፤ በራሳችን ላይ እንዲደርስ ለማድረግ ግን አይችልም ነበር። ወርቁ ከሰሙ ውስጥ ነው ማለታችን ስለዚህ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር ይታያል። ደራሲው ራሱ የጸጋዬን የመሰለ ሥራ የሚሠራ ሰው ነበር። ስለዚህ «ኦሮማይ» አንድ ባለ ሥልጣን ሌሎች ባለ ሥልጣኖችን የከሰሰበት መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ብዕሩን ለመንግሥት ሥራ ያዋለ ሰው ያንኑ ብዕር በራሱ ላይ ያዞረበት ነው። ይህን ደፋር ነገር እንደ ስድብ ቈጥረው መጽሐፉን የሰበሰቡት ሹማምንት ከሁሉ ይልቅ ሊያነብቡት ይገባቸው ነበር።

ሆኖም ዘመን ያላስወገደው አንድ ጉድለት አለ፤ ይኸውም የሴቶቹ አሣሣል ነው። ሮማን ትጠብቃለች፥ ፊያሜታ ታማልላለች። ሁለቱንም የምናያቸው በወንዱ ዓይን ነው፤ ከእርሱ ተለይተው ብቻቸውን ሲሆኑ ምን እንደሚያስቡ እምብዛም አናውቅም። የጎጃም ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለችውን ሰብለ ወንጌልን ከእነዚህ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ሰብለ ከአባቷ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ ስትሄድ፥ ውሳኔው የራሷ፥ መንገዱም የራሷ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ አተራረክ እንደ ጎጃም ሜዳ ሰፊና የተረጋጋ ስለ ሆነ ለእያንዳንዱ ባሕርይ ስፍራ ይተርፈዋል። የበዓሉ ፍጥነት ግን ከሚከፍለው ዋጋ አንዱ ይህ ነው። በ«ኦሮማይ» ፍጥነቱ የጸጋዬን ዕውርነት ለማሳየት ያገለግላል ብለናል፤ የሴቶቹን ነገር ግን በዚሁ ምክንያት ሁሉ ልንሸፍነው አንችልም፤ በ«ከአድማስ ባሻገር»ም ያው ጉድለት አለና።

በ2017 ዓ.ም. «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በውጭ አገር ታትሟል። ሹማምንቱን የማያውቅ፥ የደራሲውንም መጥፋት ያልሰማ የሩቅ አገር አንባቢ መጽሐፉን እንደ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ያነብበዋል። ይህ መጽሐፉን ዝቅ ማድረግ አይደለም፤ ምናልባትም ከእኛ ይልቅ እርሱ ወደ ድርሰቱ አሠራር ይቀርብ ይሆናል።

ስለዚህ የአማርኛ መምህራን «ኦሮማይ»ን ለተማሪዎቻቸው ሲያቀርቡ ገጸ ባሕርያቱ እነማን እንደ ነበሩ በመዘርዘር ብቻ እንዳይወሰኑ እናሳስባለን። ተማሪው የዘመቻውን ምዕራፎች ከመጨረሻው ምዕራፍ ጋር አስተያይቶ፥ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚጣደፍና የት እንደሚቆም ቢመረምር ስለ ጥበቡም ስለ ታሪኩም የበለጠ ይማራል። በመሥሪያ ቤት ለምንገኝ ሰዎችም መጽሐፉ አንድ ጥያቄ ያቀርብልናል። በየቀኑ የምንጽፈው ያማረ ሪፖርት እውነቱን ይገልጣልን፥ ወይስ ይሸፍናል? የበዓሉ ግርማ መቃብር አልታወቀም፤ ጥያቄው ግን በመደርደሪያችን ላይ አለ።